የደልሲ ሐምራዊ ጸጉር

ደልሲ ትሬዛይዝ ጸጉሯን ብርማ ልታስደርግ ገብታ ሐምራዊ ሆና ወጣች። ወይ ጉድ! ሌላ ከተማ ቢሆን ተስቆ ይታለፍ ነበር። እሷ በምትኖርበት ዋራቢን ውስጥ ግን ሐምራዊ የተቀናቃኙ ክለብ የካሊንዳዎች ማሊያ ነው፤ ከካሊንዳ ጋር ደግሞ የኳሱ የፍጻሜ ጨዋታ ቅዳሜ ነው። ይሄ የሆነው ሐሙስ ነው።

ቀለሙን የቀባቻት የእህቷ ልጅ ሼሪ ናት። ስልክ ስታወራ ቀለሙ የሚታጠብበት ሰዓት አለፈባት። ከሷ ሌላ ጸጉር ቤት በከተማው የለም፤ ደልሲ ተቆጥታ የት ልትሄድ?

«አክስቴ፣ ሙች ስልሽ ፊትሽን አብርቶልሻል» አለች ሼሪ፣ ቀና ብላ ሳታያት።

«ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ!»

ደልሲን የጨነቃት መልኳ አይደለም። ተጫዋቾቹ በርቅሰውት ሜዳ የሚገቡትን ትልቅ የወረቀት ባነር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራችው እሷ ናት፤ ባነሩን ወጥረው ከሚያቆሙት ሁለት እንጨቶች የቀኙን የምትይዘውም እሷ ናት። በዓመት ውስጥ የእኔ የምትለው ቀን ያ ብቻ ነው።

ባሏ ክላሪ የክለቡ ሊቀመንበር ነው። ገና ሲያያት ኮሚቴውን ለአስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ እጅ ወጣ፤ ሐምራዊ ጭንቅላት ባነሩ አጠገብ እንዳይደርስ በስድስት ድምፅ ተወሰነ። አንድ ሰው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ፤ እሱም ክላሪ ነው።

«ባሌ አይደለህ እንዴ?»

«ሊቀመንበር ወገን አይዝም» አላት፣ ደሞ ሳያፍር።

«እሺ፣ ኮፍያ ላድርግበት።»

«ከሥሩ ምን እንዳለ እናውቃለን» አሉ ኮሚቴዎቹ።

ዓርብ ጠዋት ሼሪ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በቤኪንግ ሶዳ አሸቻት፤ ሐምራዊው ይባስ ብሎ ፈካ። ቀለም በሚያነጣ ብሊች አነሳችው፤ ጫጩት የመሰለ ቢጫ ሆነ። ኮሚቴው መጥቶ ዙሪያዋን እየዞረ መረመራት። ገንዘብ ያዡ፣ «ቢጫ ጠላት አይደለም፤ ግን ወዳጅም አይደለም» አለ። የዋራቢን ማሊያ አረንጓዴ ነዋ!

ሼሪ ያኔ ብልጭ አለላት። የነጣ ጸጉር መዋኛ ውስጥ ሲነከር በውሃው ኬሚካል አረንጓዴ ይላል፤ በጋ በመጣ ቁጥር ሴቱ ሁሉ እሷ ዘንድ መጥቶ የሚያለቅሰው በዚሁ ነው። የክለቡ ጸሐፊ ጓሮ መዋኛ አለ። ብርዱ ገና አልለቀቀም፣ ውሃው አጥንት ይሰረስራል። ደልሲን እስከ ጆሮዋ ነከሯት። ኮሚቴው በየተራ ጠርዙ ላይ እየተቀመጠ ጭንቅላቷን ከማሊያው ጋር ያስተያያል።

«ትንሽ ይቀራታል!»

«እንጨቴን ብቻ እንዳትነኩብኝ» ትላለች ደልሲ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ደልሲ እንደ ሰላጣ አረንጓዴ ሆና እንጨቷን ይዛ ቆመች። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ መኪናው ሁሉ ጡሩምባ ነፋ። ክላሪ ደስታውን መቻል አቅቶት አቀፋትና፣ «አሁን ገና የእኛ ሆንሽ!» አላት።

ደልሲ ዞራ አየችው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የማን ነበርኩ፣ ክላሪ?»

«ኧረ ቀልዴን ነው፣ አንቺ ደግሞ...»

«እንካ ያዝ» ብላ እንጨቱን አስጨበጠችው።

ክላሪ አያያዙን የት ያውቃል! ባነሩ ተደፋ፤ እየሮጡ የመጡት ተጫዋቾች ወረቀት ተጠምጥሞባቸው እላይ በላይ ወደቁ። ደልሲ ዞራ አላየችም። ሜዳውን ዞራ የካሊንዳ ደጋፊዎች ጋ ደረሰች። ሐምራዊ ሻርፕ ያደረጉ አሮጊት ቦርሳቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱላት።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ቁጭ በይ። በርዶሻል» አሏትና ብርድ ልብሳቸውን አካፈሏት።

ስለ ጸጉሯ የጠየቃት የለም። ደልሲ ተቀመጠችና፣ ከሐሙስ ጀምሮ አምቃ የያዘችው እንባ ያን ጊዜ መጣ።