እትዬ ቦጋለች ቃሬዛ ላይ የወጡ ለት

እትዬ ቦጋለች የሾላ ሜዳ ቀበሌን ሊቀመንበር ለማነጋገር ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። ጠዋት ሲሄዱ "ስብሰባ ላይ ነው" ይባላሉ፤ ከሰዓት ሲመለሱ "መስክ ወጥቷል"። አንድ ቀን እንዲያውም ጫማውን በበሩ ሥር እያዩት "የለም" ተባሉ።

"ታዲያ እግሩን ለማን አውሶ ሄደ?" ብለው ጸሐፊዋን አስቀው ተመለሱ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ነገሩ የብረት በር ነው። ቀበሌው ከሚሌኒየሙ ማግስት "መዝናኛ ይሠራበታል" ብሎ የሐይቁን ዳር በሽቦ አጠረው። መዝናኛው ወሬ ሆኖ ቀረ። ቀጥሎ በጀት ተቀነሰ ተባለና ጥበቃው ተሰናበተ፤ ጥበቃ ከሌለ ደግሞ መቆለፍ ነው ተብሎ በሩ ተቆለፈ። ሐይቁን ማን እንዳይሰርቀው እንደሆነ እንጃ! ከሐይቁ ጋር በዳር በዳሩ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው ለጥ ያለ መንገድም አብሮ ተቆለፈ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚሄደው ከኋላ ያለውን ዳገት ዞሮ፣ ጠጠሩ እያንሸራተተው ነው።

የጎረምሳውስ ግድ የለም። የእትዬ ቦጋለች ምራት እድላዊት ግን ወሯ ገብቶ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን አምና ከዚያው ዳገት ላይ፣ ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ነው ያጣችው። እትዬ ቦጋለች ይህን ባሰቡ ቁጥር ነጠላቸውን አንስተው ወደ ቀበሌው ይሄዳሉ።

አንድ ጠዋት የቅሬውን ዳኛ ሸህ ዘይኑልአቢዲንን ከደጃቸው አገኟቸው።

"ሸሁ፣ ይህ ሰው ቢሮው ካልተገኘ የት ይገኛል?"

ሸሁ ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "ቢሮውን ተይው። ቅሬ ውጣ ሲባል ስብሰባ ላይ ነኝ ያለ ወንድ ግን እስተዛሬ አላየሁም።"

ቅሬ የዚያ አገር እድር ነው፤ ቀባሪ ብቻም አይደለም። የታመመ ያነሳል፣ የተጣላ ያስታርቃል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ዳኛ ይተዳደርበታል። ከቅሬ የቀረ ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ ብቻውን ነው። ሊቀመንበሩ ምስክር ከውጫሌ ሲዛወር አሮጊት እናቱን ይዞ መጥቷልና፣ ዕቃውን ሳያራግፍ የገባው ቅሬ ነበር።

"በምን ሰበብ እንጥራው? የታመመ ሰው የለ" አሉ እትዬ ቦጋለች።

"አዲሱን ቃሬዛ አልሞከርነውም እኮ።"

እትዬ ቦጋለች ዓይናቸው በራ። በሾላ ሜዳ አዲስ ቃሬዛ ሲሠራ መጀመሪያ ጤነኛ ሰው ተኝቶበት ጤና ጣቢያ ደርሶ ይመለሳል። ያ ሰው ሳቂታ ከሆነ ኋላ ለሚጫነው በሽተኛ ይቀናዋል ይባላል።

"እኔ እወጣበታለሁ!"

"ኧረግ! አንችን የሚሸከም ትከሻ ከየት ይመጣል?"

"አብሽሩ ሸሁ፣ ትከሻውንስ መርጨዋለሁ።"

ማክሰኞ ጠዋት ለፋፊው ሀሚድ ጉብታው ላይ ወጥቶ "ቅሬ ውጣ!" ሲል ወንዱ ሁሉ ከያለበት ወጣ። ምስክር የመጣው ከሁሉ መጨረሻ፣ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ነው። በቅሬው ደንብ ደግሞ ያረፈደ የቃሬዛውን ፊት ይይዛል፤ የያዘም ተቀባይ ሳይመጣለት አያወርድም።

"ማን ታሞ ነው?" አለ እያለከለከ።

እትዬ ቦጋለች ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እግራቸውን አነባብረው ቃሬዛው ላይ ጋደም ብለዋል። "እኔ ነኝ ልጄ። ደህና ነኝ። በል አንሳኝ።"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ምስክርም ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለና ከእትዬ ቦጋለች ልጅ፣ ከእድላዊት ባል ከአራጋው ጋር የፊቱን ያዘ። ሁለት ሰዎች ኋላውን ያዙና ጉዞ ሆነ።

እትዬ ቦጋለች እንደዚያ ቀን ተመችቷቸው አያውቅም። ሰማዩን እያዩ ስለ ቦኖው ውኃ፣ ስለ ጠፋው የመንገድ መብራት፣ ስለዚያ ጫማ ሳይቀር አንድ በአንድ ያወሩለት ጀመር። ምስክር ማምለጥ ቢፈልግ የት ይሄዳል? ተቀባይ ፍለጋ ዞር ሲል አንዱ የጫማውን ክር ያስራል፣ ሌላው ወገቤን ይላል። ዳገቱ መካከል ላይ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ።

"እማማ፣ ትንሽ ዝም ቢሉ ይቀልሉኝ ነበር" አለ።

"ወሬው ነው እንዴ የከበደህ?"

እንዲህ እየተሳሳቁ ሳለ አራጋው ቀጥ ብሎ ቆመ። ከመንገዱ ዳር ያለችውን ግራር እያየ "እዚህ ጋ ነው" አለ።

"ምኑ?" አለ ምስክር።

"ልጄ። በበሩ ቢሆን ደርሰን ነበር።"

ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ምስክር ግራሯን አየ፤ ከታች፣ ከሽቦው ወዲያ የሚታየውን ለጥ ያለ መንገድ አየ።

"ምነው ለእኔ አልነገራችሁኝም?"

ቃሬዛው ላይ ያሉት እትዬ ቦጋለች ናቸው ቀስ ብለው "ስብሰባ ላይ ነበርክ" ያሉት። ሊያሳፍሩት አስበው የመጡት ሴትዮ፣ አንገቱ ሥር ያለውን ላብ ሲያዩ አሳዘናቸውና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት።

"አዙሩት" አለ ምስክር። ድምፁ ተለውጧል። "በበሩ እንሂድ።"

ቁልቁል ወርደው በሩ ላይ ደረሱ። ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ዘንድ ነው። ምስክር በአንድ እጁ ቃሬዛውን ይዞ በሌላው ስልክ ደወለ፤ አዳመጠ፤ ዘጋው።

"ምን አለ?" አሉ ሸሁ።

"ስልጠና ላይ ነው።"

መጀመሪያ ሀሚድ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ምስክርም ቃሬዛው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "በሉ በእኔ ይሁን፣ ንቀሉት!" ሲል የቅሬው ወንድ ተንጋግቶ በሩን ከነማጠፊያው አነሳው። እትዬ ቦጋለች "ውረጂ" ቢባሉ እምቢኝ ብለው፣ እንደ ሙሽራ ተጭነው፣ በራሳቸው እልልታ ታጅበው አለፉ።

እድላዊት ምጥ የያዛት በዚያው ወር ነው። ያ ቃሬዛ በሐይቁ ዳር እየተጣደፈ ወሰዳት፤ አላንገላታትም። የሕፃኗ ለቅሶ ከጤና ጣቢያው ውስጥ ሲሰማ እትዬ ቦጋለች ውጭ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ደስታ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ያ የብረት በር ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ዓሣ ተጠበሰበት። ዓሣ ነውና የእስላም የክርስቲያን ተብሎ ሳይለይ ቅሬው በሙሉ አብሮ በላ። እትዬ ቦጋለች ትልቁን መርጠው ለምስክር አቀረቡለት።

"ብላ ልጄ። የቢሮህም በር ቢሆን ጥሩ ብረት ነው፤ ለሁለተኛው ልጅ ክርስትና ይሆነናል።"

ሰኞ ጠዋት በቀበሌው በኩል ሲያልፉ የሊቀመንበሩ በር በድንጋይ ተደግፎ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እትዬ ቦጋለች ጉዳይ አልነበራቸውም። ገብተው "እንዴት አደርክ?" ብለውት ወጡ።