ዳይኖሰሩ የተቀረቀረበት ደረጃ

እህቴ ፒፓ በማለዳ ደውላ «ዛሬ ከእኛ ጋር ነሽ፤ መኪናው ውስጥ አንድ ቦታ አለ» ስትለኝ ግብዣ መስሎኝ ደስ አለኝ። ኋላ ነው የገባኝ። የተፈለገው ኮት የሚይዝ ሰው ነበር።

የምንሄደው ዊዘርኮም ወደሚባል የድሮ የመኳንንት ቤት ነው። ባሏ ደንከን የድሮ ቤት ያሳብደዋል። ሌላው ወንድ ቅዳሜን ኳስ ሲያይ ይውላል፤ እሱ የጣሪያ ጌጥ ላይ አንጋጦ ይውላል። እናቱ ሞሪንም አብረውን ነበሩ። እሳቸው ስለ ጣሪያ ግድ የላቸውም፤ የሚመጡት ለሻይ ቤቱ ነው፤ ይህንንም አይደብቁም።

ልጆቹ ሁለት ናቸው። ቤስ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሕግ የምትወድ ልጅ ናት። ደንከን መኪና ውስጥ «ምንም ነገር አይነካም፣ አይሮጥም፣ አይጮህም» እያለ ሲያስጠነቅቅ እንደ ዳኛ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠችው። ታናሿ ኦቲስ አራት ዓመቱ ነው። እሱ ምንም አልሰማም፤ ዳይኖሰር ነበር። ለልደቱ የተሰጠውን፣ ጥጥ የተጠቀጠቀበት አረንጓዴ የዳይኖሰር ልብስ ከነጭራው ለብሶ ነው የመጣው። ያን ልብስ የሚያወልቀው ገላውን ሲታጠብ ብቻ ነው፤ ያኔም በልቅሶ።

ስንደርስ ዝናቡ ያወርደዋል። የልጆች መጫወቻው ጭቃ ሆኖ ተዘግቷል። «በቃ፣ ቀጥታ ወደ ቤቱ!» አለ ደንከን። ደስታውን ለመደበቅ ቢሞክርም አልሆነለትም።

የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ወይዘሮ ትዌይት የሚባሉ፣ በበጎ ፈቃድ የሚያስጎበኙ አሮጊት ቆመዋል። ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ዓይናቸው ከመነጽራቸው በላይ የሚያይ። ገና ሰላም ሳንላቸው ቤስ ፊታቸው ሄዳ ቆመች።

«ይቅርታ፣ አባቴ መጋረጃውን ነክቷል።»

ደንከን ጆሮው ቀላ። «ጥልፉን ልየው ብዬ ነው እኮ...»

«ለማየት ዓይን ይበቃል» አሉ ወይዘሮ ትዌይት። ለቤስ ግን ፈገግ አሉላት፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጅቷ ራሷን የቤቱ ሠራተኛ አድርጋ ቆጠረች።

ፎቅ ላይ የወጣነው በታላቁ ደረጃ ነው። መደገፊያው ከጥቁር እንጨት የተፈለፈለ፣ ወይንና ቅጠል የተቀረጸበት፣ ዕድሜው ከሦስት መቶ ዓመት ያለፈ ነው። ደንከን እሱን ሲያይ ድምፁ እንኳ ተለወጠ፤ «እኔን ሲያጨኝ እንኳ እንዲህ አልሆነም» ብላለች ፒፓ ኋላ ላይ። እሱ ስለ እንጨቱ ሲያስረዳን፣ ኦቲስ ከታች አዳራሹ ውስጥ የቆመውን፣ ቆዳው በገለባ የተሞላ የሞተ ድብ አየ። ዳይኖሰር ድብ ካየ ማጓራት አለበት። ለማጓራት ደግሞ ጭንቅላቱን በመደገፊያው ሁለት ቋሚ እንጨቶች መሃል አሾለከ።

አጓራ። ከዚያ ጭንቅላቱን ሊመልስ ሞከረ።

«እማዬ» አለ ረጋ ብሎ፤ «ጭንቅላቴ አደገ።»

ፒፓ ትከሻውን ይዛ ጎተተችው። ጆሮዎቹ እንቢ አሉ። አዞረችው፣ ወደ ላይ ሞከረች፣ ወደ ታች ሞከረች። ኦቲስ ጮኸ። ወይዘሮ ትዌይት ጩኸቱን ሰምተው ሲወጡ መጀመሪያ ያዩት እንጨቱን ነው፤ ቀጥሎ ልጁን።

«አትጎትቱት! ቅርጹ ይሰነጠቃል!»

«መጋዝ የለም እዚህ ቤት?» አለች ፒፓ።

ወይዘሮ ትዌይት ደረታቸውን ያዙ። ፒፓ ወደ ባሏ ዞረች። ደንከን እንጨቱን አየ። ልጁን አየ። እንደገና እንጨቱን አየ።

«አሰብክ!» ብላ ጮኸች። «አየሁህ ደንከን፣ አሰብክ!»

«ምን አሰብኩ?»

«ልጅህንና አንድ የወንበር እግር የሚያክል እንጨት እያነጻጸርክ ነበር!»

«የወንበር እግር አይደለም» አለ ደንከን፤ ይህን ባይል ይሻለው ነበር። እህቴ ለረጅም ጊዜ ያላየሁትን አስተያየት አየችው። እኔ ኮቶቹን አቅፌ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

ወይዘሮ ትዌይት እሳት አደጋ ሊጠሩ ወረዱ። ሞሪን «ቅቤ ነው የሚያስፈልገው» ብለው ወደ ሻይ ቤት ሄዱ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ቅቤ፣ በሌላው ሻይና አንድ ቁራጭ ኬክ ይዘው ነበር።

«እንዴ፣ እማዬ!» አለ ደንከን።

«ሰልፍ ነበር። ተሰልፌ ቅቤ ብቻ ልጠይቅ?»

ቅቤውን ጆሮውና አንገቱ ላይ ለቀለቅነው። ጭንቅላቱ አልወጣም፤ አብረቀረቀ ብቻ። ትርፉ እየተንጠባጠበ ከታች ደረጃው ጎን የቆመው የአንድ ባላባት የድንጋይ ሐውልት አፍንጫ ላይ ወረደ። ኦቲስ ግን ማልቀሱን ትቷል። አያቱ ከመደገፊያው በላይ እጃቸውን አሳልፈው ኬክ ያጎርሱታል፣ ከታች የሚገባውን ሰው ሁሉ ያያል፤ የቤቱ ባለቤት እሱ ነበር የሚመስለው።

«ጫማችሁን ጥረጉ!» ይላል በሩን ለሚከፍቱት።

በዚህ መሃል አንድ አውቶቡስ ሙሉ ጡረተኛ ገባ። ዝናቡን እያራገፉ ደረጃውን ሲወጡ ቤስ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ተቀበለቻቸው።

«ይህ ደረጃ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» አለች። «ይህ ደግሞ ወንድሜ ነው። እባካችሁ አትንኩት።»

«እውነተኛ ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ ለሚስታቸው፣ ጎንበስ ብለው እያዩ።

«አስቀያሚ ነገር!» አሉ ሚስቲቱ፤ ጭራውን ይሁን ልጁን እንጃ። ኦቲስ አጓራባቸው፤ ሴትየዋ የባላቸውን ክንድ ያዙ።

ፒፓ በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል መሬት ላይ ቁጭ ብላ የልጇን ወገብ እየዳበሰች ነበር። በድንገት እጇ ቆመ።

«ይህ ሁሉ ጥጥ ነው» አለች። «ልጁ ቀጭን ነው እኮ። ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው ለምን አያልፍም? ወደ ኋላ ስንጎትተው ነው የቆየነው፤ ወደ ፊት እንግፋው! ደንከን፣ ታች ውረድና ተቀበለው!»

ደንከን ሮጠ። አዎ፣ በዚያ ደረጃ ላይ ሮጠ። ኦቲስ ባለበት በኩል ከሥሩ ወደ አዳራሹ የሚወርደው ደረጃ ያልፋል፤ እዚያ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ የልጁን አገጭ ነካው። የቀረው ልብሱን ማውለቅ ነበር።

«አይሆንም!» አለ ኦቲስ። «ዳይኖሰር ልብስ አያወልቅም!»

ፒፓ ለመነችው። ሞሪን ሌላ ኬክ እንደሚያመጡ ማሉ። እኔም አንድ ነገር ብዬ ነበር፣ የሰማኝ የለም። የልጁ መንፈራገጥ እየባሰ ሲመጣ ቤስ ጡረተኞቹን ትታ መጣችና አጠገቡ ተንበረከከች። ስትገረጣ አየኋት።

«ኦቲስ፣ ዳይኖሰር ሲያድግ ቆዳውን ይገፋል። እንደ እባብ። መጽሐፍ ላይ አለ።»

«እውነት?»

ቤስ ምራቋን ዋጠች። «እውነት።»

ያች ልጅ በሕይወቷ ውሸት ስትናገር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የጀርባውን ዚፕ ከፈትነው፤ ኦቲስ በሙታንታ ቀረ። ፒፓ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጋ አንዱን ክንድ አሳለፈች፣ ሌላውን ደገመች፣ የተረፈውን ቅቤ ሆዱ ላይ ቀባችውና ገፋችው። ሾለከ። ከእጅ እንደሚያመልጥ ዓሣ አባቱ ላይ ወረደ።

ደንከን ልጁን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ሚዛኑን ስቶ፣ ደረጃዎቹን ወደ ኋላ እየተንደረደረ ወርዶ ግድግዳው ሥር የነበረ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። እዚያ ቤት ማንም እንዳይቀመጥባቸው የጥንት ወንበሮች ላይ ደረቅ እሾህ ይቀመጣል። የደንከንን ጩኸት ከልጁ ጩኸት የለየው ወፍራምነቱ ብቻ ነው። ወንበሩ ግን ቻለ። ጡረተኞቹ አጨበጨቡ። ወይዘሮ ትዌይት ሳይቀሩ ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ፤ ከዚያ ወንበሩን ሊመረምሩ ሄዱ።

እሳት አደጋዎቹ ሲደርሱ ኦቲስ ኮቴን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ቀዩን መኪና ሲያይ ፊቱ ተጨማደደ።

«ለኔ ነበር የመጡት?»

«አዎ፣ አንተ ግን ወጣህ።»

«መልሱኝ!» ብሎ አለቀሰ። «ጭንቅላቴን መልሱት!» ከሰዎቹ አንዷ አቅፋ መኪናው ላይ ስታወጣው ነው ዝም ያለው። ቤስን ስትጠራት ግን ቤስ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ዛሬ ዋሽቻለሁ» አለች። ሴትየዋ ነገሩን ሰምታ በጣም አሰበችና «ለእንዲህ ያለው ውሸት ፈቃድ አለ» አለቻት። ቤስ ከዚያ በኋላ ነው መኪናው ላይ የወጣችው።

ሻይ ቤት ስንገባ ደንከን አልተቀመጠም፤ መቀመጥ አልቻለም። ቆሞ ሻዩን ሲያማስል ቆየና እህቴን በዝግታ «እቆርጠው ነበር እኮ» አላት። «እንጨቱን። በገዛ እጄ።»

ሌላ ኬክ ለማምጣት የሄዱት ሞሪን ሰልፉ ውስጥ ሆነው ለማያውቁት ሰው ታሪኩን ሲያወሩ ይሰማል።

«ከዚያስ?» አለች ፒፓ።

«ከዚያ አለቅስ ነበር።»

መሳቅ ስትጀምር ሻዩ በአፍንጫዋ ወጣ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን የእሾሁ ቦታ እየወጋው በየመሃሉ «ውይ» ይል ነበር። ኦቲስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ፀጉሩ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ኮቴም እንደዚያው።