ሉልሰገድ የመረጣት ደም ሥር

ሉልሰገድን ፒያሳ ውስጥ የማያውቀው የለም። ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ተራ ሲያስከብር፣ ረዳቱን ሲያበሽቅ፣ ተሳፋሪውን ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ሚኒባስ ገጭቶ ቅልጥሙን ሲሰብረው እንኳ፣ አንስተው መኪና ላይ ሲጭኑት «ሞልቷል፣ ሳበው» ብሎ አሳቃቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት አልጋው ዙሪያ መቆሚያ ጠፍቶ ነበር። በሁለተኛው ሁለት ሰዎች መጡ። ከዚያ ወዲያ ማንም ብቅ አላለም። ሰው ከፍቶ አይደለም፤ ሥራ ነው፣ የመንገዱም ርቀት ነው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው ቤቱ ፈርሶ ጎረቤቶቹ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። እሱ አራት ኪሎ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ነበር የሚኖረው፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው።

ሐኪሟ ዶክተር ጽዮን አንድ ቀን የእግሩን ደም ሥሮች ምስል ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ቁስሉ አጥንት ስላጋለጠ ከጀርባው ሥጋ ተወስዶ መሸፈን አለበት። ሥጋው እንዲኖር ደግሞ በማጉያ መነጽር እየታየ ከጤነኛ ደም ሥር ጋር መሰፋት አለበት። ጥያቄው ከየትኛው ጋር ነው።

«ከጉልበት በታች እግርን የሚመግቡ ሦስት ዋና ዋና ደም ሥሮች አሉ» አለችው። «የእርስዎ ሁለቱ ተበጥሰዋል። ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው እግርዎ በሕይወት ያለው በቀረችው በአንዷ ነው። እሷ ላይ መስፋት ይቻላል፤ ግን ከተዘጋች እግሩም ይሄዳል።»

«ሌላስ መንገድ?»

«ከደህናው እግርዎ ደም ሥር ጋር ሰፍተን ደም እንበደራለን። ሁለቱ እግሮችዎ ግን ለአንድ ወር ተጣምረው ይታሰራሉ። መነሳት የለም፣ መገላበጥ የለም። የሚያጎርስዎ፣ የሚያጥብዎ፣ ሽንት የሚያቀብልዎ ሰው ቀንም ሌትም አጠገብዎ መሆን አለበት። እኔ ይሄኛውን ነው የምመርጠው። አስታማሚ አለዎት አይደል?»

«አስታማሚማ ሞልቶኝ» አለ። «ተራ አስይዛቸዋለሁ።»

እሷ ስትወጣ ስልኩን አወጣ። ሹፌር ነው፣ ረዳት ነው፣ ስም በስም ላይ። ሽንቴን አቀብለኝ የሚለው ግን ከመሃላቸው አልተገኘም። በመጨረሻ ኪሮስ ጋ ደወለ። ኪሮስ ዶሮ ማነቂያ ሳሉ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ነበር፤ አንዱ ሲያነጥስ ሌላው ከወዲያ ማዶ «ይማርህ» ይለው ነበር። አሁን ከተማው ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገብቷል።

«ሉሌ፣ እንዴት ነህ? ሆስፒታል ነው ሲሉኝ ደንግጬ ነበር።»

«እግሬን ትንሽ ላሳርፈው ብዬ ነው።»

ኪሮስ ሳቀ። «የምትፈልገው ነገር አለ?»

ና፣ ሰው የለኝም፣ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ዘመኑን ሁሉ ሲያስቀው የኖረውን ሰው በምን አፉ ይለምነው?

«ነርሶቹ እኔን ለማየት እየተጋፉ ነው» አለ። «ተራ የሚያስከብር ካገኘህ ላክልኝ።»

ኪሮስ ከት ብሎ ስቆ ተሰናበተው። ሉልሰገድ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ዋለ። እንዲያ ያለ ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም።

በማግስቱ ለሐኪሟ «እንደ ገበያ በግ አልታሰርም፤ አንዷ ላይ ይሰፋ» አላት።

«አስታማሚ ከሌለ ይንገሩኝ፣ መላ እንፈልጋለን።»

«ኧረ ሞልቷል አልኩ።»

እንዲህ ያለ ሰው ያናድዳል። ምን ይደረግ፣ ፈረመ። ቀዶ ጥገናው መልካም ሄደ፣ ሥጋውም ያዘ። ትንሽ ቆይቶ ግን ያቺ ብቸኛ ደም ሥር ውስጥ ደም ረጋ። እንደገና ከፍተው ታገሉ፤ አልሆነም። ጣቶቹ ቀዝቅዘው ጠቆሩ፣ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ኪሮስ እሑድ መጣ። ወዳጁ ያለ አስታማሚ መተኛቱን ከአንድ ሹፌር ሰምቶ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሟል። መግቢያው ላይ ዶክተር ጽዮንን አግኝቶ ሁሉንም ጠይቆ ተረድቷል። አንሶላው በአንድ በኩል ጠፍጣፋ መሆኑን አይቶ ፍራሹን ወለሉ ላይ አስቀምጦ እላዩ ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ወር ነበር የፈለግከው?» አለ።

ሉልሰገድ የሚያስቅ ነገር ፈለገ፤ አጣ። «አላስቸግርህም ብዬ ነው።»

«እዚያ ሰፈር የማዋራው ሰው የለኝም፣ ሉሌ። የደወልክ ዕለት ስምህን ሳይ፣ ና ሊለኝ ነው ብዬ ጫማዬን እያደረግሁ ነው ስልኩን ያነሳሁት።»