ለእትዬ መቀስ የሚሆን መነጽር

ልብስ ሰፊዋ ሴትዮ በሰፈሩ የሚታወቁት «እትዬ መቀስ» በሚል ስም ነበር። ስሙ ከሥራቸው የመጣ ይምሰል እንጂ ከምላሳቸውም ጋር ጥብቅ ዝምድና ነበረው። ሸሚዝ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ ከሳበ፣ «ተንፍስ እንጂ፣ ስትበላም አብሮህ የሚኖረው ይሄው ሸሚዝ ነው» ይሉታል። ፊት ለፊታቸው በዚህ ስም የሚጠራቸው ባይኖርም፣ መጠራታቸውን ያውቁ ነበር። አይጠሉትምም።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የእኚህ ሴትዮ ዓይን እየደከመ ሄደ። መጀመሪያ ጥፋቱ የአምፖሉ መስሏቸው አምፖል ቀየሩ። ቀጥሎ የመስኮቱ ነው ብለው መስታወቱን ወለወሉ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ረፋዱን ሁሉ የሚፈጅ ሥራ ሲሆንባቸው ግን የሚያሳብቡበት ነገር አለቀ። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው አንድ ልጃቸው ከጉዞ ሲመለስ እጃቸውን ይዞ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ፤ በተራ በተራ ሁለቱንም ዓይን ቀዶ ጥገና አደረገላቸው።

ቀዶ ጥገናውስ ያለ ችግር አለፈ። ጭቅጭቁን ያመጣው መነጽሩ ነው።

ሐኪም ቤቱ ለጊዜው ይሁንዎት ብሎ የሰጣቸው መነጽር ከባድ፣ ጥቁርና ጎንና ጎኑ የተደፈነ ነበር። ዓይናቸው እስኪጠግግ ቤት ውስጥም እንዳያወልቁት ስለታዘዙ፣ ቀኑም ሌሊት መስሏቸው ከረሙ። በመጨረሻው ምርመራ ነርሷ ዓይናቸውን አገላብጣ አይታ ደስ አላት። ከእንግዲህ ጥላ ውስጥ መነጽር ሳያደርጉ መዋል እንደሚችሉ ነገረቻቸው። ውጭ ግን በጋው ገብቷል፣ ያለ ፀሐይ መነጽር እንዳይወጡ አለች። ጥቁር የሆነ ሁሉ እንደማይከላከልም አስጠነቀቀቻቸው፤ ጎጂውን ጨረር የሚያግድ መሆኑን ጠይቀው፣ አረጋግጠው ይግዙ።

እትዬ መቀስ ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆመው ያንን ጥቁር ነገር በእጃቸው እያገላበጡ፣ ይህን አድርገው በሰፈራቸው ቢያልፉ ሰው በያጅ መጣ ብሎ የተሰበረ በሩን ተሸክሞ እንደሚከተላቸው ተናገሩ። ዛሬውኑ መነጽር ካልተገዛ ከዚህ አልነቃነቅም አሉ።

አብራቸው የነበረችው ምራታቸው ናት። ባሏ መንገድ ላይ ስለነበረ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ያመጣቻቸው እሷ ነበረች። ጫማ መደብር ውስጥ ሻጭ ናት። ማለዳ ትወጣለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ወደዚያ ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት በእሷና በአማቷ መካከል ጠብ አልነበረም፣ ጨዋታም አልነበረም። «ደህና ዋሉ?» ትላለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። በቃ። እትዬ መቀስ ለእህታቸው በስልክ ሲያወሩ፣ ልጅቷ ክፉ እንዳልሆነች ነገር ግን ፊቷ እንደ ተዘጋ ሱቅ እንደሆነ ነግረዋቸው ነበር።

ለማንኛውም በያጁን መነጽር እንደገና አድርገው፣ ምራታቸውን ክንዷን ይዘው መንገድ ጀመሩ።

መጀመሪያ የገቡት ዋናው መንገድ ላይ ወዳለ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት ወደሆነ መደብር ነው። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ሽቶ ሽቶ ይላል። ሻጩ ወጣት አንድ ቀጭን ክፈፍ ያለው መነጽር በሁለት ጣቱ አንስቶ አጠለቀላቸውና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ ለእርስዎ ፊት ተለክቶ የተሠራ ነው አላቸው። እትዬ መቀስ ዋጋውን ጠየቁ። ሲነግራቸው መነጽሩን ቀስ አድርገው አወለቁና ጠረጴዛው ላይ እንደ እንቁላል አስቀመጡት። በዚህ ዋጋ የልብስ ስፌት መኪና ይገዛል፣ መኪናው ደግሞ ቢያንስ ሠርቶ ያበላል ብለው አመስግነው ወጡ።

ውጭ ሲደርሱ ምራታቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም ጫማ ስሸጥ 'እግርዎ ታይቶ የተሠራ ነው' እላለሁ፤ ለሁሉም ነው የምለው» አለች።

እትዬ መቀስ ከልጅቷ አፍ ቀልድ ሲወጣ ሰምተው ስለማያውቁ መሳቅ እንዳለባቸው የገባቸው ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ነው። ያኔ ግን መንገዱ መሃል ቆመው ሳቁ።

ቀጥለው እግረኛ መንገዱ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄዱ። ሰሌዳው ላይ ቀይ፣ ወርቃማ፣ ኮከብ የሚመስል፣ ልብ የሚመስል መነጽር ተደርድሯል። ዋጋው የሚያስቅ ርካሽ ነው። እትዬ መቀስ አንድ ቀይ መረጡና ጨረር ያግድ እንደሆነ ጠየቁት። ሰውየው መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን ክብ ወረቀት አሳያቸው። ምራታቸው ግን በጎን በኩል አጎንብሳ፣ ከሰሌዳው ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሙሉ ጥቅል ክብ ወረቀት አየች። አንስታም ይህስ ምንድን ነው አለችው።

ነጋዴው አልተቆጣም። ጭንቅላቱን አከከና፣ እውነቱን ለመናገር ወረቀቱን ከመነጽሩ ለይቶ እንደገዛውና የሚያግደውን እንደማያውቅ ነገራቸው። ለመዘነጥ ከሆነ ከእሱ የተሻለ የለም፤ ለታከመ ዓይን ግን ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ በጠባቧ መተላለፊያ መጨረሻ ያለውን መነጽር ቤት ቢጠይቁ ይሻላል። ባለቤቱ ሽማግሌ ነጭናጫ ነው፣ ግን አይዋሽም አላቸው። እትዬ መቀስ ነጭናጫ ሰው ሲባል ደስ ብሏቸው ወዲያው ተነሡ።

መነጽር ቤቱ ከአንድ ክፍል አይበልጥም። ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያስገባ መስታወት ስላለው ግን ከውጭው ይልቅ ፍንትው ያለ ነበር። ሽማግሌው ነገሩን ከሰሙ በኋላ ብዙ አላወሩም። አዲሱ ውድ ነው፣ አልመክራችሁም አሉ። ከመደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሰ ሰፊ ካርቶን አወረዱና፣ እነዚህ መስታወታቸው አንደኛ ነው፣ ፋሽን ግን አልፎባቸዋል አሉ።

«እኔም አልፎብኛል፤ እንግባባለን» አሉ እትዬ መቀስ፣ መስታወቱ ፊት ያለው በርጩማ ላይ እየተቀመጡ።

ሽማግሌው አንዱን መነጽር ትንሽ መብራት ያላት ሣጥን ውስጥ አስገብተው ጨረሩ እንደማያልፍ አሳዩዋቸው። ከዚያ ምርጫው ተጀመረ። እትዬ መቀስ አንዱን አድርገው ዞሩ። ምራታቸው ጥሩ ነው አለች። ሌላ አደረጉ። ጥሩ ነው። ሦስተኛውንም ጥሩ ነው ስትል ትዕግሥታቸው አለቀ፤ ሁሉም ጥሩ ከሆነ እሷን ማምጣት ምን ይፈይዳል፣ መስታወቱ ብቻውን ይበቃቸው ነበር።

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ያሁኑ መነጽር ሰው ሊያስሩ የመጡ ያስመስልዎታል» አለች።

«የቅድሙስ?»

«ዝንብ።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ካርቶኑ አጎነበሱ። እትዬ መቀስ ግን ከልባቸው ተደሰቱ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ አፏ ተፈታ። አንዱን መነጽር የሐዘንተኛ፣ አንዱን የዋናተኛ፣ አንዱን ደግሞ ከኮረዳ ልጅ የተሰረቀ አለችው። እሳቸውም የዋናተኛውን አድርገው በእጃቸው አየሩን ቀዘፉ።

ሌላ ሊሞክሩ ያደረጉትን ሲያወልቁ፣ ቀና ብለው መስታወቱን ተመለከቱ። ዓይናቸው ላይ ምንም አልነበረም፤ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል። ከትከሻቸው ጀርባ ምራታቸው ቆማለች። ድፍን ሁለት ዓመት ጥላዋን እንጂ ፊቷን በቅጡ አይተውት አያውቁም ነበር። አሁን ጉንጯ ስርጉድ እንደሚል አዩ፤ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው። እየሳቀች ነበር፤ ያለ ድምፅ፣ ዓይኗም ጭምር።

ቀጥሎ ቀሚሷን አዩ። ባለፈው ዓመት ራሳቸው የሰፉላት ሰማያዊ ቀሚስ ነው። እትዬ መቀስ በሰማያዊ ክር የሰፉት መስሏቸው ነበር። አንገትጌው፣ እጅጌው፣ ኪሱ ሁሉ በቅጠልያ አረንጓዴ ክር ነበር የተሰፋው።

በርጩማው ላይ እንዳሉ ዞሩ። «ይህን ክር ምን ትይዋለሽ?»

«አረንጓዴ ነው፣ እማማ» አለች፤ ሳቋ ጠፋ።

«ኪሱም አንዱ ምድር ቤት፣ አንዱ ፎቅ ላይ ነው።»

ይህን ለብሳ ሥራ ሄዳ ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። በየሳምንቱ እንደምትለብሰው ነገረቻቸው። ሰው አልሳቀም ወይ አሏት። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ክሩን ወድዳው ሰፊው ማን እንደሆነ ስትጠይቅ፣ የማይገኝ ሰው ነው ብላ እንደመለሰችላት ተናገረች። እንግዲያው ለምን ዝም አልሽኝ አሉ።

ልጅቷ ኪሷን በእጇ ሸፈነች። «ዓይንዎ መድከሙን ያኔ ለማንም አልተናገሩም ነበር። እኔ ብነግርዎት መስፋቱን ይተዉታል ብዬ ፈራሁ። ቤቱ ያለ መኪናው ድምፅ ደስ አይልም።»

ሽማግሌው ለወትሮው የማይጠርጉትን ጠረጴዛ መጥረግ ጀመሩ። እትዬ መቀስ የልጅቷን እጅ ሳብ አደረጉና፣ ፊቷን ያዩት ገና ዛሬ መሆኑን ነገሯት። ኮስታራ መስላቸው እንደነበርም አልደበቁም። እሷ ደግሞ ማታ ማታ ደህና ዋሉ ስትላቸው ሁልጊዜ ፈገግ ትል እንደነበረ፣ ለፈገግታዋ መልስ ስታጣ ግን እንዳልተወደደች አድርጋ እንደወሰደችው ተናገረች።

«ድምፅ የሌለው ፈገግታ ለእኔ ምን ይሠራልኛል፣ ልጄ?» አሉ እትዬ መቀስ። «አንድ ጊዜ እንኳ ብታስካኪልኝ ምን ነበረበት?»

ያኔ በእውነት አስካካች። እሳቸውም ዓይናቸውን አበሱና፣ ነርሷ እንዳያሹት ብላ እንደነበር ትዝ ሲላቸው እጃቸውን መለሱ።

የሚሆነው መነጽር የተገኘው ከካርቶኑ ታች ነው። ክፈፉ ማር የሚመስል፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያበራ፣ ጫፍና ጫፉ እንደ ቅንድብ ወደ ላይ ሰቀል ያለ። አድርገው ሲዞሩ ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሽማግሌውም ሳይጠየቁ እንዲህ ነው እንጂ አሉ። እትዬ መቀስ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ አገጫቸውን ቀና አድርገው አዩዋት። ደስ ትላለች።

የዋጋውን ክርክር ልጅቷ ያዘችው። አልጮኸችም፣ አልለመነችም። ካርቶኑ ከዛሬ በፊት ከወረደ ስንት ጊዜ እንደሆነው ብቻ ጠየቀች፤ በጣቷም አቧራው ላይ መስመር አሰመረች። ሽማግሌው ጣቷንም መስመሩንም አዩና፣ ለአንድ በጠሩት ዋጋ ሁለት ውሰዱ አሉ። እትዬ መቀስ ቦርሳቸውን ለማንም ሳያስነኩ ከፈሉ። ሁለተኛውንም ራሳቸው መረጡት። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ቁመናና መልክ ሲለኩ የኖሩ ናቸውና ጊዜ አልወሰደባቸውም፤ ክብ ፊት ማዕዘን ይፈልጋል ብለው ማዕዘን ያለውን፣ ጥቁር ቡናማውን ምራታቸው ዓይን ላይ አደረጉላት። እሷ አይገባኝም ልትል ስትጀምር፣ እትዬ መቀስ አሁን እያየ ያለው ማን ነው አሏት። ሽማግሌው የሁለቱንም እጀታ በሞቀ አየር አለስልሰው ከጆሮአቸው ጋር አስማሙላቸው።

ወደ ቤት በእግር ነው የተመለሱት። እትዬ መቀስ መንገዱን ሁሉ ሲያወሩ ሄዱ፤ የዳቦ ቤቱ በር ቀይ እንደሆነ፣ ግራጫ መስላቸው የኖረችው የጎረቤታቸው ድመት ብርቱካንማ እንደሆነች። አረንጓዴውን ክር ዛሬውኑ ፈትቼ እቀይረዋለሁ ሲሉ ልጅቷ እንዳይነኩት ለመነቻቸው። እንግዲያው ኪሱን ብቻ አሉ። ኪሱንም አይሆንም አለች። እስከ በራቸው ድረስ ተከራከሩ፤ ማንም አላሸነፈም።

ሹፌሩ ልጅ ከጉዞ የተመለሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የግቢውን በር ሲከፍት ደረጃው ላይ ሁለት የተሽቀረቀሩ ሴቶች አተር እየፈለፈሉ ተቀምጠው አየ። ሳቃቸው ከሩቅ ይሰማል። በእሱ ቤት እንዲህ ተስቆ አያውቅም፤ ስለዚህ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ኋላ ተመለሰና ከውጭ ሆኖ የበሩን ቁጥር አነበበ።

እናቱ መነጽራቸውን ሳያወልቁ፣ ቤቱ የራሱ መሆኑን፣ ሚስቱም እዚሁ እንዳለች ጠርተው ነገሩት። እሱ ዕቃውን አስቀምጦ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን ሲያይ ቆየ። የዓይን ሕመሙ የማን ነበር ብሎ ጠየቀ። መሃላቸው ተቀምጦም፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲነዳ የሚውለው እሱ ሆኖ ሳለ ለእሱ መነጽር ያልተገዛበትን ምክንያት መጠየቅ ጀመረ።

ሁለቱ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ፊቱን በጥሞና መረመሩት። እናቱ አፍንጫው ረዘም ስለሚል ሰፊ ያስፈልገዋል አሉ። ሚስቱ ሰፊ ከሆነ ዝንብ ይመስላል አለች። አተሩን እንዲፈለፍል ለእሱ አስረከቡትና ክርክራቸውን ቀጠሉ።