ከውስጥ የሚዘጋ በር

መገርሳ የመጀመሪያውን ብሎን ፈቶ ካቻቪቴውን ሁለተኛው ላይ እንዳሳረፈ አዝመራ መጥታ ከኋላው ቆመች። በሁለት እጆቿ ባዶ ባልዲዎች አንጠልጥላለች።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ጉግሳ መቀርቀሪያውን ንቀለው አለኝ። ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኜ ቀለም ልቀባው ነው።»

«ለምን እንደሆነ ነግሮሃል?»

አልነገረውም። ፎርማኑ ጉግሳ ለማንም ምክንያት አይናገርም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ከተኮለኮሉት የቀን ሠራተኞች መካከል አንቺ ግቢ፣ አንቺ ተመለሽ የሚለው እሱ ነው። ከገርጂ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም ያለው ሰፈር በሙሉ በአጣና ተከቦ ፎቅ ሲበቅልበት፣ በየሬዲዮኑ ሥራ ሞልቷል ይባላል። ሞልቷል፤ ግን ወደ ሥራው የምታስገባዋ ጣት የጉግሳ ናት።

አዝመራ ነገረችው። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጉግሳ ፌናንን የሲሚንቶ ከረጢት ቁጠሪ ብሎ ወደዚህ ስቶር ላካት። ፌናን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ባሬላ መሸከም ከጀመረች ገና ሦስት ሳምንቷ። ተከትሏት ገብቶ በሩን ቀረቀረውና ደፈራት። ውጭ የኮንክሪት ማቡኪያው እያጓራ ስለነበር ጩኸቷን ማንም አልሰማም። ስትወጣ አዝመራ ፊቷን አይታ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ጉግሳ ተጠርቶ ሄደና፣ ልጅቷ ውሸቷን ነው፣ ስቶሩ ከውስጥ አይዘጋም፣ ካልፈለገች ለምን አልወጣችም ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ተመለሰ። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ፖሊሶች በሩን ሊያዩ ይመጣሉ።

መገርሳ ካቻቪቴውን ከብሎኑ ላይ አነሳ። መቀርቀሪያውን ከሁለት ወር በፊት የገጠመው ራሱ ነው።

ስቶር የሚቆለፈው ከውጭ ነው። ሲሚንቶ ተኝቶ እንዳይረበሽ ከውስጥ አይቀረቀርለትም። ይህን እንደ እሱ ሃያ ዓመት የሠራ አናጺ ቀርቶ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ያን ቀን ጉግሳ ከውስጥ ግጠመው ሲለው፣ ለምን የሚለው ጥያቄ መገርሳ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። ይባስ ብሎ «ለቀን እንቅልፍህ ነው?» ብሎ ቀለደና አብረው ሳቁ። መቀርቀሪያው ሲጎተት ይጮኻል፣ ዘይት ቢጤ ቀባው ሲለውም ቀባለት። አሁን ጉግሳን ጠላው፤ ከጉግሳ ይልቅ ግን የገዛ እጁን ጠላ።

«ሌሎችም አሉ?» አላት።

«ከእሷ በፊት ሁለት ልጆች ድንገት ቀርተዋል። ሴቶቹ ሁላችን ጠርጥረናል። አዲስ ልጅ ስትመጣ ስቶር ብቻሽን አትግቢ እንላታለን። ለፌናንም ነግሬያታለሁ። ግን ግቢ ሲላት ምን ትበል? ልጆቹን ሽሹ እንላለን እንጂ እሱን ተው ያለው ማን አለ?»

መገርሳ የፈታውን ብሎን ከመሬት አንስቶ ወደ ቦታው መለሰና አጠበቀው።

ጉግሳ ስልክ እያወራ መጣ። መቀርቀሪያውን ሲያይ ስልኩን ዘጋ።

«እስካሁን አልጨረስክም?»

«አልነቅለውም። የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ።»

ጉግሳ አልተቆጣም። መገርሳን ይበልጥ ያንገበገበው ይኸው ነው። ፈገግ ብሎ፣ ዕቃህን ሰብስብና ውጣ፣ ለሌላ አናጺ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው አለው። ስለ ፌናንም ሊደገም የማይገባ ቃል ጨመረበት። ስለ አናጺው እውነቱን ነው። ስቱኮውም ቀለሙም እዚያው ተቀምጧል። መገርሳ ከወጣ፣ በአራት ሰዓት በሩ ንጹሕ በር ይሆናል፤ ፌናን ደግሞ ውሸታም።

ካቻቪቴውን ወደ ማጠፊያው አዞረ። ሦስት ማጠፊያ፣ አሥራ ሁለት ብሎን። ሁሉንም ያሰረው እሱ ስለሆነ ለመፍታት ጊዜ አልወሰደበትም። በሩን አላቆ ትከሻው ላይ አጋደመው።

«የድርጅቱ ንብረት ነው። ሌባ ብዬ አሲዝሃለሁ» አለ ጉግሳ። ፈገግታው ጠፍቷል።

«አሲዘኝ። ወደዚያው ነኝ።»

ጉግሳ የበሩን ጫፍ ጨበጠ። አዝመራ ባልዲዎቿን መሬት ላይ አስቀመጠች። አሸዋ ይጭኑ የነበሩት ሴቶችም ባሬላቸውን እየጣሉ አንድ በአንድ መጡና ዙሪያውን ቆሙ። ጉግሳ በየጠዋቱ በጣቱ የሚመርጣቸውን ፊቶች ተራ በተራ አያቸው፤ ከዚያ ለቀቀ። የለቀቀውን ጫፍ አዝመራ አነሳች።

ወደ ኢምፔሪያል በሚወስደው አስፋልት ዳር በር ተሸክመው ሲሄዱ ሚኒባሶች ክላክስ አደረጉባቸው። ጣቢያው ሲደርሱ ፌናን በረንዳው ላይ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተቀምጣለች። በሩን አወቀችው፤ ፊቷን አዞረች። መገርሳ ይቅርታ ሊላት አስቦ ነበር። ይቅርታው ለእሷ ምን እንደሚያደርግላት ስላልታየው ተወው።

መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት። ከጠረጴዛዋ ተነስታ መቀርቀሪያውን ወደፊት ገፋችው፣ ወደኋላ ሳበችው። ድምፅ የለውም።

«ይሄን የገጠመው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፤ ጉግሳ አዞኝ። ጻፊው» አለ መገርሳ። «እንዳይጮህ ዘይት የቀባሁትም እኔ ነኝ። እሱንም ጻፊ።»