ስኳር አለብሽ

እማማ አሰገደች ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ ድምፃቸው ቀድሟቸው ሱቄ ደረሰ።

«የማንን ስኳር በላሁ? እኔን ሌባ!»

ወጥቼ ደገፍኳቸውና በረንዳዬ ላይ አስቀመጥኳቸው። በሰባ ምናምን ዓመታቸው ጎደሬና ሙዝ ተሸክመው ቅዳሜ ገበያ የሚወጡ ሴት፣ ያን ቀን እያነከሱ ነበር። በቀደም ምስማር ኮንጎ ጫማቸውን በስቶ ገብቷል፤ እሳቸው ያወቁት ግን ማታ ሲያወልቁ ደም አይተው ነው።

«ምን ተባሉ እማማ?»

«ያ ልጅ ጣቴን ወግቶ ደም ወሰደ፣ ከዚያ ‹ማዘር፣ ስኳር አለብሽ› አለኝ! ከሸማቾች የወሰድኩትን ከፍያለሁ፣ አንቺ አላየሽኝም? ወረቀትም ጻፈብኝ፤ የክስ ይሆናል። ወረቀቱንም ክኒኑንም ጠረጴዛው ላይ ትቼለት መጣሁ!»

ልስቅ ስል እግራቸውን አየሁ። ትንሿ ጣት ጠቁራለች። ሳቄ ጠፋ።

እማማ አፋቸውን የፈቱት በአሪኛ ነው። አማርኛን ያስተማረቻቸው ገበያ ናት፣ ገበያ ደግሞ «አለብሽ» ስትል ዕዳ ማለቷ ነው፤ ሌላ ትርጉም አታውቅም።

«እማማ፣ የበሽታ ስም ነው። ጋሽ ሚልክያስን የያዛቸው እኮ ነው።»

«ሚልክያስን? እሱ በየት በኩል ታመመ?»

እውነታቸውን ነው። ጋሽ ሚልክያስ አጥር የሚጋሩን ጡረተኛ መምህር ናቸው፣ የእማማ እኩያ። ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል፤ ግን በየጠዋቱ እስከ አሮጌው አየር ማረፊያ ሜዳ በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። «ጋሼ፣ ስኳር ነው የያዘዎት ወይስ ውትድርና?» እያልኩ አበሽቃቸዋለሁ። ጠርቻቸው ነገሩን ስነግራቸው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«እኔን እኮ ወንበር ስቦ፣ ሥዕል እየሳለ ነው ያስረዳኝ» አሉ። ወደ እማማ ዞረው «አንቺንስ?»

«ቆሜ ነው። ወዲያው ‹ቀጣይ!› አለ።»

ጋሽ ሚልክያስ ከዘራቸውን አነሱ። «ነገ አብሬሽ ሄጄ እነግርልሻለሁ።»

«አይሆንም! አንተ ከሄድክ ለአንተ ነው የሚነግርህ። እኔ አፍ አለኝ። ይህቺ ሙሉሽ ትምጣ፣ አማርኛዬ ሲሰበር ትጠግነው።»

ጠዋት ጤና ጣቢያ ስንገባ፣ እማማ «ያ ልጅ» ያሉት ዶክተር እዩኤል ቀና እንኳ አላለም። «ማዘር፣ ወረቀትሽን ትተሽ ሄድሽ እኮ። ይኸው።»

እማማ ወረቀቱን አልተቀበሉም። ወንበሩ ላይ የተከመረውን ካርድ አንስተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉና ተቀመጡ።

«ማዘር፣ ወረፋ አለ!»

«ይኑር። ሚልክያስን አስቀምጠህ ነገርከው። እኔንም አስቀምጠህ ንገረኝ። የእሱም እግር ሁለት፣ የእኔም ሁለት።»

«እሳቸው እኮ የተማሩ ናቸው፣ ቶሎ ይገባቸዋል።»

«ቶሎ ከገባው ለእሱ አሳጥር! የምታስረዝመው ለእኔ ነው!»

ወረፋው ላይ ከወይጦ የመጣች አንዲት ሴት «ልክ ናት!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ጣልቃ ገባሁ፦ «ዶክተር፣ እኔም ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ለሁለታችን ባንድ ላይ ብታስረዳን ጊዜ ታተርፋለህ።»

እዩኤል መጀመሪያ ፊቱ ቀላ። ከዚያ የራሱን ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«እማማ፣ ምስማሩ ሲወጋዎት ለምን እንዳልተሰማዎት ያውቃሉ?»

አንቱታው መጣ! እማማ ልብ አላሉትም፤ እሳቸው ሹሙንም ሕፃኑንም አንተ ነው የሚሉት። እኔ ግን ሰማሁ።

ልጁ እግር ሣለ። እማማ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይሄ እግር ነው ጎደሬ?» እሱም ሳቀ። ስኳሩ ደም ውስጥ ሲበዛ እግርን እንደሚያደነዝዝ፣ ቁስልን አልድን እንደሚያሰኝ አስረዳን። ክኒኑ ደህና ነኝ ባሉበት ቀንም እንደሚዋጥ፣ እግር ማታ ማታ ታጥቦ መታየት እንዳለበት ነገረን። የከበደውን እኔ በተሰባበረች አሪኛዬ አቀበልኳቸው፤ እማማ የእኔን አሪኛ ማረም ጀመሩ።

«እግሬስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሆስፒታል ዛሬውኑ ከሄዱ ይተርፋል። ከቆየ ግን ይቆረጣል።»

«ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ወረቀቱ ላይ ጽፌልዎት ነበር።»

«ለማን ነው የጻፍከው? ማንበብ ለማትችል?»

 እዩኤል ተነስቶ ወጣና ባጃጅ ጠራልን።

ትንሿ ጣት ሄደች። እግሩ ተረፈ። ጋሽ ሚልክያስ ሰፊውን ጥቁር ጫማቸውን ሰጥተዋቸው፣ እማማ አሁን ገበያ የሚወጡት እንደ ርዕሰ መምህር ተጫምተው ነው። ስቄባቸዋለሁ፤ ሰድበውኛል።

ቅዳሜ ለት አንዷ ጎደሬ ስትመርጥ እግራቸውን አይታ «ምን ነካዎት?» አለቻቸው።

«ስኳር አለብሽ አሉኝ» አሉ እማማ፣ ገበያው እንዲሰማ ጮክ ብለው። «አዎ፣ አለብኝ! ጣቴን ወስዷል። እግሬን ግን አልከፍልም!»