የኮንዪም ግራ ጎን

ፊደል ፊቱን ወደሚሄድበት ያዞራል፣ ጀልባው ወደ ባሕር እያለ ፊደሉ ወደ ቤት ካጋደለ የማንን ይስማ፣ አሉኝ ዎፋ ፓንዪን፣ የእናቴ ወንድም፣ ጀልባ ላይ ስም የሚጽፉት፣ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሴኮንዲ ባሕር ዳር አሸዋው ላይ ተንበርክኬ ጠመኔ የነካ ሲባጎ ይዤላቸዋለሁ፣ ወጥሪው አራባ፣ ላላ አለ።

አሁንም እዚያው አሸዋ ላይ ነኝ። ልጄ ኤኩዋ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች፣ ማክሰኞ ነው፣ ማክሰኞ ባሕሩ ያርፋል፣ መረብ የሚጥል የለም፣ ጀልባዎቹ ሁሉ ደረቅ ላይ ተደርድረዋል፣ ኮንዪምም አለች፣ ድል ማለት ነው፣ በግራ ጎኗ ስሟ ወደ ኋላ አጋድሎ። ዎፋ ቅዳሜ ይቀበራሉ።

ወፍራም። ዘንበል ያለ። እግር ያለው። የሳቸው ፊደል ይኼ ነበር፣ ቋሚው እንደ ቀዛፊ ክንድ የደለበ፣ ማያያዣው እንደ መረብ ክር የቀጠነ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ትንሽ እግር፣ እግር የሌለው ፊደል እርጥብ እንጨት ላይ ያዳልጠዋል ይሉ ነበር፣ ዝንባሌው ደግሞ ቀዛፊ ሲቀዝፍ ወገቡ የሚያጋድለውን ያህል፣ ከዚያ ካለፈ ሰካራም ነው። ቀኝ ጎን ቀላል ነው፣ የጀልባዋ አፍንጫ ለሚያየው በቀኝ በኩል ነው፣ ፊደሉም እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ጉዱ ግራ ጎን ነው። አፍንጫው በግራ ይሆናል፣ እና ዎፋ እያንዳንዱን ፊደል በተቃራኒው ወደ ግራ ያጋድሉታል፣ ስሙ ወደ ቀኝ ይነበባል፣ ፊደሎቹ ግን ወደ ባሕሩ ይሄዳሉ።

ኬ የምትባለው የላቲን ፊደል ግን የኔ ናት። አንድ ቀን ብሩሹን ሰጡኝና የታችኛው እግሯ ረዘመብኝ፣ ከመስመሩ ወጣች፣ ጨርቅ ሳነሳ፣ ተያት፣ ትራገጥ፣ ባሕር የሚራገጥ ይወዳል፣ አሉ፣ ከዚያ ወዲህ በየጀልባው ላይ ኬን በኔ ስሕተት ጻፏት። ትልቅ ሰው የልጅ ስሕተት ሲቀዳ።

ደብተሩ። ባለ ካሬ ደብተር፣ ሆዴ ገፍቶ ትምህርቴን ስተው ግማሹ ባዶ የቀረ፣ ዎፋ የጻፉትን ሁሉ ፊደል በሁለቱም አጋደል ሣልኩበት፣ የቀኝ ጎን፣ የግራ ጎን። ጆጆ አብሮኝ ይማር ነበር፣ እሱ ጨረሰ፣ ታኮራዲ ከተማ ማተሚያ ቤት ከፈተ፣ እስቲ አሳዪኝ አስተማሪዋ፣ አለኝ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ አሳዪኝ ያለኝ ሰው የለም። ለኮምፒውተር የሚሆን ፊደል አደርገዋለሁ፣ የዎፋሽን ስም እሰጠዋለሁ አለ፣ ሰጠሁት፣ ሳልጠይቃቸው ሰጠሁት፣ የቀኝ ጎኑን ብቻ ወሰደ፣ ይኼ ወደ ግራ የተጋደመው ምን ሆኖ ነው፣ አሞት ነው እንዴ፣ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ሳቅኩ እኮ።

ሦስት ወር ሳይሞላ ሚኒባሱ ጀርባ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ የዓሣ ጠባሿ ሰሌዳ ላይ፣ የትም ዞር ስል ኬዋ ትራገጣለች፣ የፊደሉ መጠሪያም የዎፋ ሳይሆን የጆጆ ስም። ከዚያ አንቲ ማንሳ፣ የኮንዪም ባለቤት፣ የዎፋ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እስኪረጋ ልጠብቅ እንዴ፣ ስቲከሩ በአንድ ሰዓት ያልቃል፣ ብላ አስለጠፈች፣ ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት። መርከበኞቹ ይቀልዳሉ፣ ጀልባችን በቀኝ ዓሣ ልታጠምድ ትሄዳለች፣ በግራ ምሳዋን ልትበላ ትመለሳለች።

ዎፋ ዱላቸውን ይዘው መጡ። አልሳቁም። ጣታቸውን ኬዋ ላይ አሳረፉ፣ በረጅሙ እግሯ ቁልቁል ወረዱ፣ ቀስ ብለው፣ እስከ ጫፉ። አራባ፣ ማን ሰጣቸው። አላውቅም ዎፋ፣ ከጀልባ ላይ አይተው ቀድተው ይሆናል። የኤኩዋን ማዘያ አጠበቅኩ፣ አልላላም ነበር። ይሆናል፣ አሉ። ይሆናል፣ ዓይን ማን ይከለክላል።

አውቀዋል። ደብተሩ የነበረው እኔ ጋ ብቻ ነው። ውሸቴን አንስተው ያዙልኝ፣ እንዳይወድቅብኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ሲባጎ ያዢልኝ አላሉኝም፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ እኔም ሄጄ እኔ ነኝ አላልኩም፣ ዛሬ ነገ፣ ልጅቷ ትተኛ፣ ዝናቡ ያባራ፣ ሞቱ። ትናንት የለቅሶ ፖስተራቸው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፣ ጆጆ ጋ የታተመ፣ ስማቸው በገዛ ፊደላቸው፣ ለቀስተኛው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ጽሕፈቱ ሲያምር፣ የማነው፣ የጆጆ ነዋ። 

አንቺ ልጅ፣ ጀልባዬን ምን እያደረግሽ ነው፣ አንቲ ማንሳ ናት፣ የዓሣ ገበታዋን ይዛ። ስቲከሩን እየላጥኩ ነው አንቲ። ኧረ፣ ምን በደለሽ። ወደ ኋላ ታጋድላለች። እኔም ወገቤን ሲያመኝ አጋድላለሁ፣ ማን ላጠኝ። ጠርዙን እቧጥጣለሁ፣ ከዚያ አልችልም፣ አንቲ፣ ደብተሩን ለጆጆ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ፊደሉ የዎፋ ነው፣ ጠይቀውኝ ዋሸሁ። ገበታውን ታወርዳለች። ታየኛለች። ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ፣ ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ አንዷን ፊደል ብቻ ላጪ፣ ካበላሸሽ ስሙን በሙሉ አንቺው ጽፈሽ ትጨርሻለሽ።

የመጀመሪያዋን ፊደል በጥፍሬ ላጥኳት፣ የሲባጎውን አንድ ጫፍ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ አስሬ ሌላውን በጥርሴ ነከስኩ፣ ጠመኔ ጠመኔ አለኝ፣ ወጠርኩት፣ በዎፋ ብሩሽ ኬዋን ወደ ባሕሩ አጋድዬ ጻፍኳት፣ እግሯ ጋ ስደርስ እጄ መስመሩ ላይ ሊቆም ፈለገ፣ ከመስመሩ አስወጣኋት።